የሶላር ፋኖስ ባትሪ ሲሞት ተረካቢው ማነው?

የገጠሩ ቤት ከኩራዝ ጭስ መላቀቅ ከጀመረ ሰንብቷል። የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰባቸው ቀበሌዎች እንኳ በሣር ክዳንና በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ትንንሽ የሶላር ሰሌዳዎች ይታያሉ። ማታ ልጆች የሚያጠኑት፣ እናቶች ወጥ የሚሠሩት፣ የምትወልድ ላም የምትጠበቀው በዚሁ ብርሃን ነው። ስልክም የሚሞላው ከዚያው ነው። በ2011 ዓ.ም. ይፋ በሆነው ሁለተኛው የብሔራዊ ኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ከሕዝቡ 65 በመቶ ያህሉ ከዋናው መስመር፣ የቀረው 35 በመቶ ደግሞ ከመስመር ውጭ በሆኑ እንደ ሶላር ባሉ ዘዴዎች ብርሃን እንዲያገኝ ታቅዶ እንደነበር ይታወሳል።

ስለ ሶላር ጥቅም ብዙ ተነግሯል፤ የተነገረውም እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሲነገር ሁልጊዜ የሚዘለል አንድ ጉዳይ አለ። ፋኖሱ ቀን ከፀሐይ የተቀበለውን ኃይል ለማታ የሚያቆይለት በሆዱ ያለው ባትሪ ነው። ሰሌዳው ብዙ ዓመት ሲያገለግል ባትሪው ግን እንደ ጥራቱና እንደ አያያዙ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ሠርቶ ይደክማል። መጀመሪያ ብርሃኑ እስከ እኩለ ሌሊት አልደርስ ይላል፤ ቀጥሎ ከእራት በፊት ይጠፋል፤ በመጨረሻም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ውሎ አይበራም። ያኔ ፋኖሱ ወደ ጓዳ ይወረወራል።

አንድ የገበሬ ማኅበር 800 አባወራ ቢኖረውና ከእነዚህ ግማሹ አንዳንድ የሶላር ፋኖስ ቢይዙ፣ ባትሪውም በአማካይ አራት ዓመት ቢያገለግል፣ በየዓመቱ 100 የሞቱ ባትሪዎች በዚያ ማኅበር ክልል ውስጥ ይገኛሉ ማለት ነው። ይህ የስልኩን ሳይጨምር ነው። እነዚህ 100 ባትሪዎች የት ይደርሳሉ? ማንስ ይረከባቸዋል? ጥያቄው የቤት ጽዳት ጥያቄ ብቻ አይደለም። በሌሎች አገሮች ፓርላማዎች የተከራከሩበት፣ ሕግ የወጣበት፣ ባለፋብሪካዎችም ገንዘብ እንዲከፍሉ የተገደዱበት የመንግሥት ቁጥጥር ጉዳይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ስለ ሌላው ሰው ከመጻፉ በፊት የገዛ ቤቱን መሳቢያ ቢፈትሽ ሁለት ያበጡ የስልክ ባትሪዎች አግኝቷል። እንዳይጥላቸው ፈርቶ፣ እንዳይሰጣቸው ተቀባይ አጥቶ ያስቀመጣቸው ናቸው። በከተማ ይህ ከሆነ ከዋናው መንገድ የሦስት ሰዓት የእግር ጉዞ ርቆ ያለ ገበሬ ምን ያድርግ?

ባትሪ ድንጋይ አይደለም

በገጠር ለብዙ ዘመን የሚታወቀው «ባትሪ ድንጋይ» የሚባለው ነው። ያለቀውን ድንጋይ ልጆች እየሰበሩ በመካከሉ ያለውን ጥቁር ዘንግ ያወጡት ነበር። ጥቁሩ ዱቄትም በአንዳንድ ትምህርት ቤት የጥቁር ሰሌዳ ማጥቆሪያ ሆኖ እንደነበር ብዙዎች ያስታውሳሉ። ይህ ልማድ ወደ አዲሱ ባትሪ እንዳይሸጋገር ያሰጋል። አዲሱ ባትሪ ከመልኩ በቀር ከድንጋዩ ጋር የሚያመሳስለው ነገር የለምና።

አዲሱ ባትሪ ሊቲየም-አዮን ይባላል። ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 በጃፓኑ የሶኒ ኩባንያ ሲሆን፣ ለዚህ ባትሪ መፈልሰፍ መሠረት የጣሉ ሦስት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ውስጡ ቢታይ የመዳብና የአሉሚኒየም ስስ ቅጠሎች እንደ ሰሌን ተጠቅልለው ይገኛሉ። በቅጠሎቹ ላይ ጥቁር ዱቄት ተለስኗል። በመካከላቸው እንዳይነካኩ የሚለያቸው ስስ የፕላስቲክ ገለፈት አለ፤ ሁሉም በሚነድ ፈሳሽ ርሷል። ይህ ገለፈት በሚስማር ቢበሳ፣ በመዶሻ ቢመታ ወይም ባትሪው እሳት ውስጥ ቢጣል ሁለቱ ቅጠሎች ይገናኛሉ። የተጠራቀመው ኃይል በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ ሙቀቱ ሌላ ሙቀት እየወለደ ባትሪው ራሱን ያቃጥላል። ፈሳሹ ውስጥ የሟሟው ጨው ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ የሚባል ሳንባና ቆዳ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። ባትሪ ሲያብጥ የሚታየውም በውስጡ ጋዝ በመጠራቀሙ ነው። «አልበራም አለ» ማለት ኃይሉ ሁሉ አልቋል ማለት አይደለም፤ ፋኖስ ለማብራት የማይበቃ ቅሪት እሳት ለማስነሳት ይበቃል።

የሊቲየም ባትሪ ዓይነቱ አንድ አይደለም። በስልክ ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ኮባልት የሚባል ውድ ማዕድን አለበት። በጥሩ የሶላር ፋኖሶችና በብዙ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ውስጥ የሚገባው ደግሞ ከሊቲየም፣ ከብረትና ከፎስፌት የተሠራ ነው። ይህ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ በቀላሉ እሳት አይነሳበትም፤ ዕድሜውም ይረዝማል። ብረቱ የማረሻው ብረት ዘመድ ነው፤ ፎስፌቱም በዳፕና ኋላ በመጣው ኤን.ፒ.ኤስ. ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ነው። ነገር ግን ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያውስ ለማሳ ይሆናል» ብሎ ባትሪውን እንዳይሰብር አጥብቆ መንገር ያስፈልጋል። ከፎስፌቱ ጋር የሚወጣው ፈሳሽ መርዝ ነው።

በአንድ ቦታ የተከማቸ የአሮጌ ባትሪ ክምር ምን እንደሚያደርስ ለማወቅ በአሜሪካ ኢሊኖይ ክፍለ ግዛት በምትገኘው በሞሪስ ከተማ የሆነውን መመልከት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በጁን 2021 በዚያች ከተማ ሥራ ያቆመ የወረቀት ፋብሪካ ተቃጠለ። በውስጡ ብዙ የሊቲየም ባትሪ ተከማችቶ ነበር፤ የእሳት አደጋ መከላከያው ግን ይህን አስቀድሞ አላወቀም። በሺህ የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ቤታቸውን ለቀው እንዲወጡ ተደረገ። እሳቱ በተለመደው ዘዴ አልበርድ ሲል ሠራተኞቹ ሲሚንቶ እያፈሰሱ አፈኑት። መሣሪያ ባልጎደለበት አገር ይህ የሆነው የእሳት ማጥፊያ መኪና ጠፍቶ አይደለም። ክምሩ በማንም መዝገብ ላይ ስላልነበረ ነው።

ቆራሌው የማይገዛው

አንዳንድ ሰዎች «ዋጋ ያለው ነገር ተጥሎ አይቀርም፤ ቆራሌው መጥቶ ይገዛዋል» ይላሉ። ለብረትና ለፕላስቲክ ይህ እውነት ነው። የመኪና ባትሪ፣ ማለትም እርሳስ የሚባለው ከባድ ብረትና አሲድ ያለበት ባትሪ፣ እንዲሁ ይሸጣል። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ስለሆነ ገዢ ሞልቶታል። ግን ገዢ ስላለው ብቻ በደኅና እጅ ይገባል ማለት አይደለም።

በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር ዳርቻ በሚገኘው በቲያሮዬ ሱር ሜር ሰፈር ሰዎች አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰበሩ እርሳሱን በየግቢው ያቀልጡ ነበር። የእርሳስ ዋጋ በዓለም ገበያ ሲወደድ አፈሩን ሳይቀር እያበጠሩ መሸጥ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2007 እስከ ማርች 2008 ባሉት አምስት ወራት ውስጥ 18 ሕፃናት በእርሳስ መርዝ ሞቱ። በኬንያ ሞምባሳ አጠገብ ባለው በኦዊኖ ኡሁሩ ሰፈር ደግሞ የአሮጌ ባትሪ ማቅለጫ ለዓመታት ሲሠራ ቆይቶ የልጆች ደም በእርሳስ ተመረዘ። ነዋሪዎቹ ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሣ ፈረደላቸው። ፍርዱ በይግባኝ ቢሻርም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 መልሶ ለነዋሪዎቹ ወስኗል። ተጠያቂ የሆነው ማቅለጫው ብቻ ሳይሆን ሳይቆጣጠሩ ያለፉ የመንግሥት አካላትም ጭምር መሆናቸው ልብ ይሏል።

የሊቲየሙ ችግር ከዚህ ተቃራኒ ነው። እርሳሱን ገበያው ይጎትተዋል፤ ሊቲየሙን ግን የሚጎትተው የለም። በብዙ ፋኖሶች ውስጥ የሚገኘው የጣት ቅርጽ ያለው ባትሪ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱም 45 ግራም ገደማ ነው። በውስጡ ያለው ንጹሕ ሊቲየም አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። አንድ ሺህ ፋኖስ ቢሰበሰብ አንድ ኪሎ ሊቲየም አይወጣውም። ኮባልት ያለበትን የስልክ ባትሪ የሚፈልግ ነጋዴ ሊኖር ይችላል፤ የብረትና የፎስፌቱን ዓይነት ግን ለምን ብሎ ይሸከመዋል? ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ክልል ከተማ የሚጫንበት ኪራይ ከሚያስገኘው ማዕድን ይበልጣል። በመጨረሻ ማዕድኑን አጥርቶ የሚያወጣው ፋብሪካም ርቆ ያለ ነው፤ ከእነዚህ ፋብሪካዎች ብዙዎቹ በቻይና ይገኛሉ። ባትሪዎቹ ተፈጭተው ጥቁር ዱቄት ይሆናሉ፤ ዱቄቱም በኬሚካል ታጥቦ ማዕድኑ ይለያል። ይህ ሥራ በጥቂት ማዳበሪያ ጆንያ ባትሪ የሚቋቋም አይደለም።

ስለዚህ ለዚህ ባትሪ ገበያው የማይሠራውን ሥራ ሕግ ሊሠራው ይገባል። ሌሎች መንግሥታት የሄዱበት መንገድም ይኸው ነው።

በሌሎች አገሮች የተደነገገው

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ ባትሪ መመሪያ አውጥቶ ነበር። በዚያ መመሪያ አባል አገሮች እ.ኤ.አ. እስከ 2016 ድረስ በእጅ ከሚያዙ ትንንሽ ባትሪዎች 45 በመቶውን እንዲሰበስቡ ይጠበቅባቸው ነበር። መመሪያው የተጻፈው ግን ሊቲየም እንዲህ ሳይስፋፋ ነው። ከሊቲየም ባትሪ ውስጥ ሊቲየሙ ራሱ ተለይቶ እንዲወጣ የሚያስገድድ ግብ አልነበረበትም። በዚህም ምክንያት ባትሪው «ታደሰ» እየተባለ ኮባልቱና መዳቡ ሲወሰድ ሊቲየሙ ከዝቃጩ ጋር ይጣል ነበር።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 የወጣው አዲሱ ደንብ፣ ቁጥሩ 2023/1542፣ ይህን ለውጧል። ደንቡ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ይውላል። ከትንንሾቹ ባትሪዎች እ.ኤ.አ. እስከ 2027 መጨረሻ 63 በመቶ፣ እስከ 2030 መጨረሻ 73 በመቶ መሰብሰብ አለበት። ከተሰበሰበው ውስጥ ሊቲየሙ እስከ 2027 መጨረሻ 50 በመቶ፣ እስከ 2031 መጨረሻ 80 በመቶ ተለይቶ መውጣት አለበት። ኮባልት፣ ኒኬልና መዳብ በመጀመሪያው ቀን ገደብ 90፣ በሁለተኛው 95 በመቶ ተደንግጎባቸዋል። ከፌብሩዋሪ 2027 ጀምሮ ደግሞ ስልክንና ፋኖስን በመሳሰሉ ዕቃዎች ውስጥ ያለው ትንሽ ባትሪ ባለቤቱ ራሱ ፈትቶ ሊያወጣው የሚችል ሆኖ መሠራት እንዳለበት ተጽፏል። ይህ የመጨረሻው ትንሽ ነገር ይምሰል እንጂ ፋኖሱ በሙጫ ታሽጎ ባትሪው ስለማይወጣ ብቻ ሙሉ ዕቃ ሲጣል ላየ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሁሉ ይልቅ ለእኛ ገበሬ ትምህርት የሚሆነው ግን የደንቡ ሌላ ክፍል ነው። ባትሪውን ሠርቶም ሆነ ከውጭ አስገብቶ ገበያ ላይ ያዋለ ኩባንያ ባትሪው ሲሞት የመሰብሰቢያውን፣ የማጓጓዣውንና የማደሻውን ወጪ ይሸፍናል። ቸርቻሪውም ያለቀውን ባትሪ በነጻ ይቀበላል። «አዲስ ካልገዛህ አልቀበልህም» ማለት አይችልም። ኩባንያው ስንት እንደሸጠ ያስመዘግባል፤ ስንት እንደተሰበሰበ ያሳውቃል። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ጉድለቱ ይታያል። የሕጉ ጉልበት ያለው በቅጣቱ ላይ ብቻ አይደለም። የሸጠና የተረከበ በአንድ መዝገብ ላይ እንዲገናኙ በማድረጉም ነው።

ሕንድም በዚሁ መንገድ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የቀድሞ ሕጓ የሚመለከተው የእርሳስ ባትሪን ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው የባትሪ ቆሻሻ አያያዝ ደንብ ግን ማንኛውም ዓይነት ባትሪ ተካትቷል። አምራቾችና አስመጪዎች በማዕከላዊው የብክለት ቁጥጥር ቦርድ ይመዘገባሉ። ባትሪን መቅበርና ማቃጠል ተከልክሏል። ግዴታውን ያልተወጣም የአካባቢ ካሣ ይከፍላል። ቻይና በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ጊዜያዊ ድንጋጌ የመኪና ባትሪ የመሰብሰቡን ኃላፊነት በመኪና አምራቾች ላይ አድርጋለች። እያንዳንዱ ባትሪም መለያ ቁጥር ይዞ ከፋብሪካ እስከ ማደሻ ድረስ እንዲከታተሉት አዝዛለች። በቻይና ትልቁ ፈተና ፈቃድ የሌላቸው ትንንሽ ወርክሾፖች ለደኅንነት ወጪ ስለማያወጡ አሮጌውን ባትሪ በተሻለ ዋጋ እየገዙ ከሕጋዊዎቹ መንጠቃቸው ነው።

ይህን ስንናገር አንድ ነገር መሰወር የለበትም። የአውሮፓው ደንብ የሚያስገድደው በአውሮፓ ገበያ ላይ የሚሸጠውን ነው። ያው ኩባንያ ያንኑ ፋኖስ ኢትዮጵያ ውስጥ ቢሸጥ የአውሮፓው ደንብ ተከትሎት አይመጣም። እዚህ የሚያስገድደው የእኛው ሕግ ብቻ ነው።

በአገራችን ያለው ሕግ

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ኢትዮጵያ የአደገኛ ቆሻሻ ከአገር ወደ አገር መዘዋወርን የሚቆጣጠረው የባዝል ስምምነት አባል ናት፤ አደገኛ ቆሻሻ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ የሚከለክለው የባማኮ ስምምነትም እንዲሁ። በባዝል ስምምነት ላይ በተደረገው ማሻሻያ መሠረት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተቀባዩ አገር አስቀድሞ በጽሑፍ ካልፈቀደ ድንበር መሻገር አይችልም። ይህ ከውጭ የሚመጣብንን ለመከላከል ይረዳል። የራሳችንን ሰብስበን ወደ ማደሻ ፋብሪካ ለመላክ ስንነሳ ግን ያው ሥርዓት እኛንም ይጠይቀናል።

በአገር ውስጥ በ2010 ዓ.ም. ሁለት ተዛማጅ ሕጎች ወጥተዋል። አንደኛው የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ሲሆን፣ ሁለተኛው የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድን የሚመለከተው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 ነው። ከዚያ በፊትም በ1995 ዓ.ም. የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ታውጇል። እንግዲህ አደገኛ ቆሻሻን እንደ ልብ ሰብስቦ መስበር፣ ማቅለጥና መጣል ከሕግ ውጭ ነው።

ጉዳዩ የበለጠ አስቸኳይ የሆነው ደግሞ የባትሪው ብዛት ስለሚጨምር ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። የአንድ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ በመቶ የሚቆጠር ኪሎ የሚመዝን በመሆኑ አንዱ ብቻ በሺህ የሚቆጠሩ ፋኖሶችን ባትሪ ያህላል። ለእነዚህ ትልልቅ ባትሪዎች መሰብሰቢያ ማዘጋጀት የግድ ይሆናል። የገጠሩ ፋኖስ በዚያው ጋሪ ላይ ካልተጫነ ብቻውን የሚጭነው አይገኝም። የማኅበራት መሪዎች ድምፃቸውን ማሰማት ያለባቸው ሥርዓቱ ለከተማ መኪና ብቻ ተዘርግቶ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ገና ሲዘረጋ ነው።

ሕጉ በከተማ፣ ባትሪው ግን በጎጥ ውስጥ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ የመሰብሰቢያ መንገድ እስካልተሠራ ድረስ ነጋሪት ጋዜጣው ብቻውን ባትሪ ሊሸከም አይችልም። መንገዱ ደግሞ ከላይ ብቻ አይሠራም።

ማኅበራት ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?

የመጀመሪያው ዕድል የሚገኘው ፋኖሱ ሲገዛ ነው። ብዙ ጊዜ የሶላር ዕቃ ወደ ገጠር የሚገባው በኅብረት ሥራ ማኅበር፣ በብድርና ቁጠባ ተቋም ወይም በፕሮጀክት በኩል በጅምላ ነው። አንድ ገበሬ ብቻውን ነጋዴውን ማስገደድ አይችልም። ሁለት መቶ ፋኖስ በአንድ ጊዜ የሚገዛ ማኅበር ግን ይችላል። በውሉ ላይ «ሻጩ ያለቀውን ባትሪ ከማኅበሩ መጋዘን በራሱ ወጪ ይረከባል» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ትግባ። መለዋወጫ ባትሪ ለስንት ዓመት እንደሚያቀርብም ይጻፍ። ይህን የማይፈርም ነጋዴ ፋኖሱ ርካሽ ቢሆንም ርካሽነቱ ወጪውን ለገበሬው ስለተወለት ነው። ፋኖሱ ያለ ሙጫ፣ በቡሎን የሚፈታ መሆኑንም ከመግዛት በፊት ገልብጦ ማየት ነው።

ሁለተኛው መዝገብ ነው። ስንት ፋኖስ ገባ፣ ከማን ተገዛ፣ መቼ፣ ስንቱ ሞተ፣ ስንቱ የት አለ? አንድ ደብተር ይበቃል። ቀድሞ የተነሳው የሞሪስ ከተማ ቃጠሎ ያስተማረው ይህንኑ ነው። ወረዳው «በክልላችሁ የተከማቸ የለም» ቢል ደብተሩ ይመልስለታል።

መሞቱ ሳይረጋገጥ ባትሪውን ማባረርም ኪሳራ ነው። አልበራ ያለ ፋኖስ ሁሉ ባትሪው አልሞተም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የገመዱ መቆረጥ፣ የማብሪያው መላላት ወይም በሰሌዳው ላይ የተጋገረ አቧራ ይሆናል። በየወረዳ ከተማው ሬዲዮና ስልክ የሚጠግኑ ወጣቶች አሉ። ማኅበሩ በወር አንድ የገበያ ቀን ለይቶ ፋኖሶቹ እንዲታዩ ቢያደርግ ከሚጣለው ውስጥ የሚድን አይጠፋም።

በእርግጥ የሞተውን፣ ይልቁንም ያበጠውን፣ ተረካቢ እስኪገኝ በጥንቃቄ ማቆየት ያስፈልጋል። ያበጠ ባትሪ እንደገና አይሞላም፣ አይበሳም፣ አይጫንም። ጫፍና ጫፉ በናስትሮ ይሸፈን፤ ብረት ከነካው ወይም ከሌላ ባትሪ ጋር ከተነካካ ይግላልና። ከዚያም ደረቅ አሸዋ ባለበት የሸክላ እንስራ ወይም የብረት በርሜል ውስጥ፣ አፉ ጥብቅ ብሎ ሳይደፈን፣ ዝናብና ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ይቀመጥ። ቦታው ከመኖሪያ ቤት፣ ከጎተራና ከጭድ ክምር የራቀ ይሁን። መፀዳጃ ጉድጓድ፣ ወንዝ ዳርና የከብት ማጠጫ አይሆኑም፤ ምድጃ ፈጽሞ አይሆንም። በሩ ይቆለፍ፤ ቁልፉም በአንድ ሰው እጅ ይሁን። ምናልባት ባትሪ መጨስ ቢጀምር ልጆችን አርቆ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ፣ ከርቀት ብዙ ውኃ ማፍሰስ ነው። ጢሱን ማሽተት አይገባም።

የእርሳሱ የመኪና ባትሪ በተለየ ቦታ ይቀመጥ። እሱን የሚገዛ ሲመጣ «የት ትወስደዋለህ? ፈቃድህን አሳይ» ብሎ መጠየቅ ይገባል። በማኅበሩ ክልል ውስጥ ማቅለጫ ላቋቁም የሚል ቢመጣ መሪዎች የቲያሮዬን 18 ሕፃናት ያስታውሱ። መሬት የሚሰጠው ባለሥልጣን የአካባቢ ጥናቱን ሰነድ እንዲያሳያቸውም ይጠይቁ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ በርሜሉ ሞልቶ ተረካቢ ቢጠፋ፣ ወይም አንድ ሰው ባትሪ እየሰበረ አፈርና ውኃ ቢበክል፣ ማኅበሩ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ሕጉ አያስገድደውም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በግሉ የደረሰበት መሆኑን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን የሚጎዳ ድርጊት በሚፈጽም ላይ ለሚመለከተው የፌዴራል ወይም የክልል የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው ደንግጓል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም የተሰጠው ውሳኔ አመልካቹን ካላረካው፣ በሚቀጥሉት 60 ቀናት ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ እንደሚቻልም ተጽፏል። ይህ አንቀጽ በገጠር ብዙም አልተሠራበትም፤ ያልታወቀ መብት ነው።

አቤቱታው በአፍ አይቅረብ። የባትሪው ብዛት፣ ሻጩ ማን እንደሆነ፣ የተገዛበት ጊዜና አሁን ያለበት ቦታ ከደብተሩ ተገልብጦ ይጻፍ፤ ውሉም አብሮ ይያያዝ። ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ ቅጂ በመዝገብ ቤቱ የገቢ ቁጥርና ቀን ተጽፎበት፣ ማኅተም ተመትቶበት ይመለስና በማኅበሩ ፋይል ይቀመጥ። 30 ቀኑን ለመቁጠር የሚያገለግለው ያ ማኅተም ነው።